የሚቃኝ ፊልተር ለጂፒኤስ ሪሲቨር፦ ለወርክሾፕ ግዙት፣ ጣሪያ ላይ ግን አታውጡት

ድምዳሜዬን ከፊት ላስቀምጠው። ሰው ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መጨረሻ ላይ «እንደ ሁኔታው ነው» ሲባል እንደሚናደድ አውቃለሁ። ይህ የሚቃኝ ፊልተር፣ ማለትም የመረጣችሁለትን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ሌላውን የሚገታ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለወርክሾፕ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ይሆናል። ማስታወቂያው እንደሚለው ከቅየሳ ሪሲቨር ፊት ልትገጥሙት አስባችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ።

የምተዳደረው በቅየሳ ሪሲቨር ጥገና ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለች ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ የመንገድ ተቋራጮችና የይዞታ ቀያሾች የሚያመጡትን ዕቃ እከፍታለሁ፦ ወድቆ የተሰነጠቀ አንቴና፣ ውሃ የገባበት ኮኔክተር፣ ዝናብ ሲመታው ያደረ ባትሪ። ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚመጣው ቅሬታ ግን «ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ቢሮ ጣሪያ ላይ ስናቆመው ሳተላይት ይጥላል» የሚለው ነው። ሄጄ ሳየው ብዙ ጊዜ ከአንቴናው አጠገብ የሞባይል ምሰሶ ቆሟል። የሚቃኝ ፊልተር የሚባል ነገር ዓይኔን የሳበው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው ላይ የአምራች ስም የለም፤ የታተመው የኮድ ቁጥር ብቻ ነው። ያገኘሁት ከዱባይ በሚመላለስ ዘመድ እጅ ነው፤ ዋጋው ከአንድ መካከለኛ ስልክ ያንሳል። ሰባት ሴንቲሜትር ግድም ርዝመት ያለው፣ በቆርቆሮ ክዳን የተሸፈነ ሰሌዳ ነው። ግራና ቀኝ የኤስኤምኤ ኮኔክተር (በክር የሚጠመዘዝ የአንቴና ገመድ መሰኪያ)፣ በጎኑ ደግሞ የዩኤስቢ መሰኪያ አለው። ከኮምፒውተር ፍሪኩዌንሲ ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ ያንን ያሳልፋል፣ የቀረውን ይገታል። የተገባው ቃል ከ1100 እስከ 1700 ሜጋኸርዝ ያለውን ይሸፍናል የሚል ነው።

ለምን ይህን ያህል ስፋት አስፈለገ? የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚያስተላልፉት ባንድ በሚባሉ የተለያዩ የፍሪኩዌንሲ ክልሎች ነው፦ ኤል 1 የሚባለው ያለው 1575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፣ ኤል 2 1227.60 ላይ፣ ኤል 5 ደግሞ 1176.45 ላይ። ሦስቱም የ10.23 ብዜቶች ናቸው፤ 154 ጊዜ፣ 120 ጊዜ፣ 115 ጊዜ። የአውሮፓው ጋሊሊዮ ኤል 1ን እና ኤል 5ን ይጋራል። የቻይናው ቤይዱ 1561.098 ላይ አንድ የቆየ ሲግናል አለው። የሩሲያው ግሎናስ ደግሞ 1602 አካባቢ ለሳተላይቶቹ የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ያድላል። በየስልኩና በየሪሲቨሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሶው ፊልተሮች የሚሠሩት ለአንድ ባንድ ተቆርጠው ነው፤ ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ አይነቃነቁም። ስለዚህ አንድ ፊልተር ይዞ ከባንድ ባንድ መዝለል የሚለው ሐሳብ የሚያጓጓ ነው።

ፊልተር የሚያስፈልግበት ምክንያትም እውነተኛ ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። የኤል 1 የሲቪል ሲግናል መሬት ሲደርስ −128.5 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት ጋር የሚነጻጸር የኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው። በሁለት ሜጋኸርዝ ስፋት ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ኖይዝ (ሁከት) −111 ዲቢኤም ስለሆነ፣ ሲግናሉ ከኖይዙ ሥር 17 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም ኃይሉ በሃምሳ እጥፍ ግድም አንሶ፣ ተቀብሮ ነው የሚመጣው። ሪሲቨሩ ፈልቅቆ የሚያወጣው ሳተላይቱ የሚልክበትን ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ደካማ ለሆነ ነገር አጠገቡ የቆመ የሞባይል ምሰሶ ጎረቤት ሊሆነው አይችልም።

ክዳኑን ስከፍተው ደስ አለኝ፤ ሠሪው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ጫፋቸው ከግራውንድ የተገናኘ ሁለት አጫጭር የመዳብ መስመሮች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ በሌላው ጫፋቸው ቫራክተር ዳዮድ ተሰክቷል። ቫራክተር ማለት በተቃራኒ ቮልቴጅ ሲመገብ ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) የሚቀንስ ዳዮድ ነው፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ካፓሲታንሱ ያንሳል፣ የመስመሩ ሬዞናንስ (በተፈጥሮው የሚያስተጋባበት ፍሪኩዌንሲ) ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች እኩል ሲቃኙ ፊልተሩ ቅርጹን ይይዛል። የሰሌዳው መሠረትም የለመድነው አረንጓዴ ፋይበር ግላስ አይደለም፤ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚውለው ብክነቱ ዝቅተኛ የሆነው ዓይነት ነው። ተራው ፋይበር ግላስ የብክነት መለኪያው 0.02 ግድም ሲሆን የተሻሉት 0.003 አካባቢ ናቸው። በዚህ ላይ ቆጥበው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለገዢ ባይጠቅምም። ከ1176.45 ወደ 1575.42 ለመውጣት ጠቅላላ ካፓሲታንሱ በ1.79 እጥፍ መቀነስ አለበት፤ ሬዞናንስ ከካፓሲታንስ ጋር የሚገናኘው በስኩዌር ሩት ስለሆነ የፍሪኩዌንሲዎቹ ጥምርታ በራሱ ይባዛል። አሁን ወደ ሰማይ እንውጣ። አዮኖስፌር (ከላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር ንብርብር) ሲግናሉን የሚያዘገየው ከፍሪኩዌንሲው ስኩዌር ጋር በተቃራኒው ነው፤ ስለዚህ ኤል 5 ከኤል 1 በ1.79 እጥፍ የበለጠ ይዘገያል። ያው ቁጥር! ረዳቴ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ስሌት ጎን ለጎን ሲያይ «ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው?» አለኝ። ሆን ብሎ ያደረገው የለም፣ ሁለቱም የስኩዌር ሕግ ስለሆኑ ነው። ለእኛ ግን የሚያስተክዝ ነገር አለው። መግነጢሳዊው ወገብ በአገራችን ላይ ነው የሚያልፈው፤ አዮኖስፌሩ እዚህ ወፍራምና ረባሽ ነው፤ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲግናሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ቀያሽ ሁለት ባንድ ቅንጦት አይደለም። ሁለቱን ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈልገው፤ ምክንያቱም የአዮኖስፌሩን መዘግየት የሚያስወግደው የሁለቱን ልዩነት አይቶ ነው። የሚቃኝ ፊልተር ግን በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ይህን አላሰበበትም፤ ወይም አስቦበት ዝም ብሏል።

ወደ መለኪያው። የተጠቀምኩት ሁላችንም ጋ ያለውን በእጅ የሚያዝ ርካሽ ኔትወርክ አናላይዘር፣ ናኖቪኤንኤ ነው (ዕቃ የትኛውን ፍሪኩዌንሲ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ይለካል)፤ ግን ተጠንቀቁ፣ የመጀመሪያዎቹ ናኖቪኤንኤዎች በአግባቡ የሚለኩት እስከ 900 ሜጋኸርዝ፣ በሃርሞኒክ (በሞገዱ ብዜቶች) ታግዘው ደግሞ እስከ 1500 ድረስ ነው። ለዚህ ሥራ ቢያንስ እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚደርሰውን ያዙ።

የተገባው ስፋት አልተገኘም፤ የእኔው ከ1140 እስከ 1640 ግድም ነው የሚሄደው። ለሳተላይት ቅኝት ይበቃል፣ የሚያስቀይመኝ አይደለም። 1575 ላይ የሚያሳልፈው ስፋት 70 ሜጋኸርዝ ያህል ሲሆን ብክነቱ ከ3 ዴሲቤል ትንሽ ያልፋል። ወደ 1176 ስታወርዱት ስፋቱ ወደ 40 ይጠባል፣ ብክነቱ ደግሞ 5 ይደርሳል። ይህ የሠሪው ስንፍና አይደለም። ፊልተር በጠበበ ቁጥር ብክነቱ ይጨምራል፤ ሬዞነተሩ (የሚያስተጋባው መስመር) የጥራት ቁጥሩ፣ ማለትም ኃይልን ሳያባክን የመያዝ አቅሙ፣ ዝቅ ሲልም እንዲሁ። ቫራክተር ደግሞ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ሲሆን ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ይበረታል። የሬዞነተሩን የጥራት ቁጥር ወደ ኋላ ሳሰላው 1575 ላይ 85፣ 1176 ላይ 70 አካባቢ አገኘሁ። ቫራክተር ላለው ሰሌዳ ይህ የሚያስመሰግን ውጤት ነው። ሴራሚክ ሬዞነተር ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፣ ግን አይቃኝም።

3 ዴሲቤል ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው «ግማሽ ሲግናል ጠፋ፣ ይሁን» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ የሚከፋው። ወደ ሰማይ የሚያይ አንቴና የሚሰበስበው ኖይዝ ዝቅተኛ ነው፤ ኖይዝ በሙቀት አሃድ ይለካልና 100 ኬልቪን ያህል እንበል። ጥሩ የመጀመሪያ አምፕሊፋየር (ማጉያ) 75 ኬልቪን ይጨምርበታል፤ ድምሩ 175። ፊልተሩን ከአምፕሊፋየሩ በፊት ስትሰኩት ግን ሲግናሉን ከመብላቱ በላይ ራሱ በክፍል ሙቀት ስላለ የራሱን ኖይዝ ያስገባል። ደምሩት፣ ወደ 570 ኬልቪን ትደርሳላችሁ። ከ3 ዴሲቤል ጥቂት በሚያልፍ ብክነት የምትከፍሉት ዋጋ 5 ዴሲቤል ሆነ ማለት ነው። ሪሲቨሩ ላይም ያየሁት ይህንኑ ነው፦ አናት ላይ ያሉት ሳተላይቶች የሲግናል ጥንካሬ ቁጥራቸው ከ45 ወደ 40 ወረደ፣ ከአድማስ አጠገብ የነበሩት ደግሞ ጨርሰው ጠፉ። የሳተላይት መጣልን ለመፈወስ የተገዛ ዕቃ ሳተላይት ጣለ።

«እንግዲያው ከአምፕሊፋየሩ በኋላ አድርገው» ትሉኝ ይሆናል። አደረግኩት፤ ብክነቱ ከዚያ በኋላ አይሰማም፤ 28 ዴሲቤል ማጉያ ካለፈ በኋላ 3 ዴሲቤል ምንም አይደለም። ችግሩ ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል፦ ከምሰሶው የሚመጣው ጉልበተኛ ሲግናል አምፕሊፋየሩን ቀድሞ ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ፊልተር የተበላሸውን ማቃናት አይችልም። ለዚህ ነው በደንብ የተሠሩ አንቴናዎች ውስጥ መጀመሪያ ሰፊና ብክነቱ ትንሽ የሆነ ፊልተር፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየር፣ ከእሱ በኋላ ጠባብ ፊልተር የምታገኙት።

ከሞባይል ምሰሶ ጋር ያለው ጉዳይ ደግሞ ከርቀት መግታት ብቻ አይደለም። መግታቱንስ በደንብ ይገታል፦ 1575 ላይ ተቃኝቶ ሳለ 1842 ላይ ያለውን የሞባይል ሥርጭት በ35 ዴሲቤል አካባቢ ቀነሰው፤ 900ን ከዚያም በላይ። ነገር ግን ቫራክተር የተሠራው በቮልቴጅ እንዲለወጥ ነው፣ የሚመጣው ሲግናል ራሱ ደግሞ ቮልቴጅ ነው። ሲግናሉ ከበረታ ዳዮዱን እየነቀነቀ ከሌላው ሲግናል ጋር ይቀላቅለዋል። ሁለት ሲግናል አመንጪ ጄኔሬተር ይዤ አንዱን 1845 ላይ፣ ሌላውን 2114.58 ላይ አደረግኩ። ሁለቱም በሞባይል ምሰሶ የመላኪያ ባንዶች ውስጥ የሚወድቁ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ በ1800 ባንድ፣ ሌላው በ2100። የመጀመሪያውን በሁለት አባዝታችሁ ሁለተኛውን ቀንሱ፦ 1575.42! ኤል 1 መሃል ለመሃል። በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ሲግናል የሚያሳየው ስፔክትረም አናላይዘር ላይ ሁለቱም ባልነበሩበት ቦታ ሦስተኛ ሲግናል ብቅ አለ። ፊልተሩ ማጣሪያ መሆኑ ቀርቶ የጣልቃ ገብ ፋብሪካ ሆነ ማለት ነው። ጄኔሬተሮቹን ዝቅ ሳደርጋቸው ጠፋ፤ ስለዚህ ከምሰሶ ራቅ ያለ ሰው ይህን አያየውም። ምሰሶ ሥር ያለው ግን ያየዋል፣ ፊልተሩን የሚገዛው ደግሞ ምሰሶ ሥር ያለው ሰው ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። በአንድ ቫራክተር ፈንታ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ብታያይዙ፣ ሲግናሉ አንዱን ሲጨምር ሌላውን ስለሚቀንስ መቀላቀሉ በብዙ ይወርዳል። ሠሪው በእያንዳንዱ መስመር አንድ ብቻ ነው ያስቀመጠው። ለምን እንደቆጠበ አልገባኝም፤ ቦታው ነበር።

ሁለተኛ ቁጠባው የቮልቴጅ ምንጩ ነው። ከዩኤስቢ የሚመጣውን 5 ቮልት ወደ 14 የሚያወጣ፣ እየበራ እየጠፋ የሚሠራ ትንሽ ኮንቨርተር (ቮልቴጅ ቀያሪ) ተጠቅሟል። ኮንቨርተሩ ሲበራና ሲጠፋ የሚተወው ሞገድ ወደ ቫራክተሩ ያልፋል፤ ንጹሕ ሲግናል ስታስገቡ ግራና ቀኙ ላይ ቀንድ ያበቅላል። ኮንቨርተሩን አላቅቄ ሁለት የ9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አያይዤ በፖቴንሽዮሜትር ስመግበው ቀንዶቹ ጠፉ። ሪሲቨር ለመፈተን የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ማስተካከያ አድርጉ፤ የግማሽ ሰዓት የብየዳ ሥራ ነው።

አሁን ቀያሾችን ወደሚመለከተው። ፊልተር ሁሉ ሲግናልን ያዘገያል፤ በጠበበ ቁጥር ይብሳል። ይህኛው 1575 ላይ 6 ናኖሰከንድ፣ 1176 ላይ 11 ናኖሰከንድ ግድም ያዘገያል፤ በርቀት ሲሰላ ሁለት ሜትርና ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ። አትደንግጡ፣ መዘግየቱ ለሁሉም ሳተላይት እኩል ስለሆነ ሪሲቨሩ በሰዓቱ ስህተት ውስጥ ይቆጥረዋል፤ ቦታችሁ ሁለት ሜትር አይሸሽም። ጂፒኤስን ለሰዓት የሚጠቀም ሰው ግን ይሸሽበታል። ግሎናስን የሚጠቀም ቀያሽም እንዲሁ፦ ሳተላይቶቹ ከ1598 እስከ 1605 ድረስ ተበትነው ስለሚያስተላልፉ፣ 1575 ላይ የተቃኘው ፊልተር ዳገት ላይ ይወድቃሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን መዘግየት ይዞ ይመጣል። ያንን ሰዓቱ ሊውጥለት አይችልም።

ከዚህም የከፋው ሙቀት ነው። ዕቃው ፀሐይ ላይ እንደዋለ ክራር ቅኝቱን ይስታል። በፀጉር ማድረቂያ ሳሞቀው መሃል ፍሪኩዌንሲው ከ5 ሜጋኸርዝ በላይ ተንሸራተተ። አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ በጥር ጠዋትና እኩለ ቀን መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት የሚያውቅ ያውቀዋል። የሴንቲሜትር ቅየሳ የሚሠራው የሞገዱን ፌዝ (ዑደቱ የደረሰበትን ደረጃ) በመቁጠር ነው፣ የኤል 1 ሞገድ ርዝመት ደግሞ 19 ሴንቲሜትር ነው፤ ፊልተሩ ሲንሸራተት ፌዙም አብሮ ይንሸራተታል። መለካት ጀምራችሁ መሃል ላይ ቅኝቱን ከኮምፒውተር ብትቀይሩትማ ሪሲቨሩ ቆጠራውን ይስታል፣ ከዜሮ ይጀምራል። የሙቀት ዳሳሽ አስገብቶ በሶፍትዌር ማካካስ ይቻል ነበር፤ ዳሳሽ የለውም።

ሶፍትዌሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው። መስኮቱ ላይ 1575 ብላችሁ ስትጽፉ የሚቃኘው ሌላ ቦታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ሰንጠረዥ ለሁሉም ሰሌዳ አንድ ነው፣ ቫራክተሮች ግን ከአንዱ አንዱ ይለያያሉ። በአናላይዘር የራሳችሁን ሰንጠረዥ ሥሩለት፤ ዝቅተኛው ጫፍ ላይ ነጥቦቹን አብዙ፣ እዚያ ጥቂት የቮልት ክፍልፋይ ብዙ ሜጋኸርዝ ያንቀሳቅሳል፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ግን ሙሉ ቮልትም ብዙ አያነቃንቀውም።

ሌላ ማንም የማይነግራችሁ ነገር፦ ሰሌዳው ዲሲ አያሳልፍም። የቅየሳ አንቴናዎች ውስጣቸው አምፕሊፋየር ስላለ በዚያው ገመድ ቮልቴጅ ከሪሲቨሩ ይመገባሉ። ፊልተሩን መሃል ላይ ስትሰኩት ምግቡ ይቋረጣል፣ ሪሲቨሩም «አንቴና የለም» ይላል። ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት፤ ለአንቴናው ለብቻው ቮልቴጅ የሚያስገባ ቢያስ ቲ ግዙ።

አንድ ቀያሽ ደንበኛዬ ሰሌዳውን ጠረጴዛዬ ላይ አይቶ «ኢንጂነር፣ ይሄ ጃመር ይከላከላል አይደል?» አለኝ። ማስታወቂያውም እንዲህ ይላል። አይከላከልም! ጃመር ሲግናሉን ሆን ብሎ የሚያፍን አስተላላፊ ነው፤ የሚረጨውም ራሱ 1575.42 ላይ ነው። ፊልተሩ የሚያሳልፈው ያንኑ ነው፤ የሳተላይቱን አሳልፎ የጃመሩን የሚያስቀርበት መንገድ የለውም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አሠሪው እንዳይከታተለው ከመኪናው ጋር የገጠመው ትንሽ ጃመር በአሜሪካ የኒውአርክ አየር ማረፊያን የጂፒኤስ ማረፊያ ሥርዓት አውኮ ነበር፤ በዓመቱ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የ31,875 ዶላር ቅጣት አቀረበበት። የአየር ማረፊያ መሣሪያ ላይ ፊልተር ጠፍቶ አይደለም። ከጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ካርታቸው ቤይሩት አየር ማረፊያ ላይ እንዳሉ ሲያሳያቸው ያዩት ይህንኑ ነው፤ የሐሰት ሲግናል በትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ይመጣል። ያንን የሚመክቱት ብዙ ክፍል ያላቸው አንቴናዎች ናቸው፣ ጃመሩ ወዳለበት አቅጣጫ ጆሯቸውን የሚደፍኑ። ዋጋቸው ሌላ ዓለም ነው።

ታዲያ ለምን ግዙት አልኩ? ጣልቃ ገቡ የት እንዳለ ለመፈለግ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አላየሁም። የአርቲኤል-ኤስዲአር ዱላ (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ርካሽ የሬዲዮ መቀበያ) እስከ 1766 ሜጋኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ነገር ግን ሲግናሉን በ8 ቢት ብቻ ስለሚቆጥር አጠገቡ ጉልበተኛ ሲኖር ደካማው ይጠፋበታል። ይህን ፊልተር ከፊቱ አድርጋችሁ ከ1160 እስከ 1610 ቀስ እያላችሁ ስትቃኙ፣ የትኛው ድምፅ በእውነት ከውጭ እንደመጣና የትኛው ዱላው ውስጥ እንደተወለደ ትለያላችሁ፦ ከውጭ የመጣው ፊልተሩ ሲርቅ በፊልተሩ ልክ ይቀንሳል፤ ውስጥ የተወለደው ግን ወይ ጨርሶ ይጠፋል ወይ ንቅንቅ አይልም። አንድ የመንገድ ተቋራጭ ጣሪያ ላይ የነበረውን ችግር ያገኘሁት እንዲህ ነው። ጥፋተኛው ምሰሶው አልነበረም፤ እዚያው ጣሪያ ላይ የነበረ የደኅንነት ካሜራ መመገቢያ ነበር። ካሜራውን አራት ሜትር አራቅነው፣ አለቀ።

ለማስተማርም ግሩም ነው። ረዳቴ ስለ ሬዞናንስ የተማረውን በወረቀት ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ቮልቴጁን እየጨመረ ጉብታው በስክሪኑ ላይ ወደ ቀኝ ሲሄድ፣ እየሄደም ሲሰፋ ሲያይ ሦስት ምዕራፍ በአንድ ከሰዓት ገባው። ጂኤንኤስኤስ-ኤስዲአር የሚባለውን፣ የሳተላይት ሲግናልን በኮምፒውተር የሚፈታ ነፃ ሶፍትዌር የሚሞክር ተማሪም፣ ከዱላው ጋር አገናኝቶ አንዴ ኤል 1ን፣ አንዴ ኤል 2ን ሊቀዳበት ይችላል፤ ባትሪውን ካልረሳ።

ሠሪው ይህን ቢያነብ ቀጣዩን ሥራ እንዲህ ቢያደርገው ደስ ይለኛል፦ የሚያሳልፈውን ትቶ የሚገታውን ይቃኝ። ሰፊና ቋሚ ሴራሚክ ፊልተር ሁለቱንም ባንድ አብሮ ያሳልፍ፤ ከጎኑ አንድ የሚቃኝ ኖች (አንድ ጠባብ ቦታ ብቻ የሚገታ ፊልተር) ይቀመጥ፣ የአካባቢው ጠላት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ የሚቆፍር። የሳተላይት ስልክ መውረጃ ባንድ ከ1525 እስከ 1559 ስለሆነ ከኤል 1 የሚለየው ጥቂት ሜጋኸርዝ ነው፤ አሁን ያለው ፊልተር 1545ን የሚቀንሰው በ2 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ምንም ማለት አይቻልም። የጥራት ቁጥሩ ከፍ ያለ ኖች ቢሆን ኖሮ እዚያ ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ ኤል 1ን ብዙም ባልጎዳ ነበር። ቫራክተሩም ከዋናው መንገድ ዳር ስለሚሆን ብክነቱም መቀላቀሉም ይቀንሳል።

ለመግዛት ከወሰናችሁ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ክዳኑ የተበየደ ነው ወይስ በጥርስ የሚያዝ? የእኔው በጥርስ የሚያዝ ነው፤ የተበየደ ከሆነ ባትሪ ለማያያዝ ትቸገራላችሁ። ሁለተኛ፣ ከዩኤስቢ ውጭ የቮልቴጅ መግቢያ ቀዳዳ ያለው ዓይነት እንዳለው ጠይቁት፤ ካለው በጥቂት ዶላር ልዩነት እሱን ውሰዱ፣ ኮንቨርተሩን ከማላቀቅ ትድናላችሁ። የኤስኤምኤ ኮኔክተሮቹን በእጅ ብቻ አጥብቁ፤ የሚይዛቸው ብየዳው ብቻ ነው፣ በቁልፍ ከጠመዘዛችሁት ከመዳቡ ጋር ይነቀላል።